ዘንግና መቅዘፊያ፤ ከጀልዴሳ ቅፍለት እስከ ጣና ታንኳ ስለ መሣሪያ አመራረጥ

መግቢያ

ጀልዴሳ ታንኳ የሚንሳፈፍበት አገር አይደለም። ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የሐረር ተራራ ወደ ቆላው ወርዶ በሚያበቃበት ሥፍራ የምትገኝ የጥንት የንግድ መንደር ናት። የወንዟ ሆድ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ዝናብ በደጋው ላይ ሲጥል ጎርፍ ይወርድበታል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ውሃው ይሳሳል። ስለዚህ የጀልዴሳ ተወላጅ የሆነ ተማሪ ስለ መቅዘፊያ ጥናት አቀርባለሁ ቢል፣ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ታንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ባሕር ዳር በሄደበት ወቅት ነበር። በዚያን ጊዜ ያስገረመው የደንገሉ ታንኳ አልነበረም፤ ስለ እርሱ ቀደም ብሎ አንብቧል። ያስገረመው ቀዛፊው የያዘው እንጨት ነው። በመጻሕፍት ሥዕል ላይ የሚታየው መቅዘፊያ ጫፉ እንደ ማንኪያ የሰፋ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ነበር። ሰውየው ያንኑ ዘንግ መካከሉ ላይ ይዞ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እያጠለቀ፣ ጭኖት ከነበረው እንጨት ጋር ወደ ዳር ደረሰ። ይህን ያየ ሰው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ፣ ሕዝቡ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በዚህ ሐይቅ ላይ ሲመላለስ መኖሩ በጽሑፍ እየታወቀ፣ የመቅዘፊያውን ጫፍ ማስፋት እንዴት አላሰበም? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ በቶሎ የሚሰጠው መልስ «ባለማወቅ ነው» የሚል ነው። ብዙዎቻችን መሣሪያዎችን በመሰላል ላይ መደርደር ልማድ አድርገናል። ከታች ዘንግ፣ ከእርሱ በላይ ባለ ሰፊ ጫፍ መቅዘፊያ፣ ከዚያ በላይ መንኮራኩር፣ ከሁሉም በላይ ሞተር እናስቀምጥና፣ ከታች ያለውን የያዘውን ሰው ኋላ ቀር እንለዋለን። በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው ይህ መሰላል የታሪክ ማስረጃ የማይደግፈው መሆኑን ነው። መቅዘፊያ የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው፤ በውሃው ጥልቀትና ወለል፣ በሚንሳፈፈው ነገር ዓይነት፣ በቀዛፊው ሰውነትና አቋቋም። ይህን ያወቀ ሰው ተሻግሯል፤ ይህን ያላወቀ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ከዳር ቀርቷል ወይም ሰጥሟል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

1. ከጀልዴሳ የምናገኘው ትምህርት

ወደ ውሃው ከመግባታችን በፊት፣ መሣሪያን እንደ ምድሩ ጠባይ መለዋወጥ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ጀልዴሳን እንደ ምሳሌ ማቅረብ ይጠቅማል።

ጀልዴሳ በዘይላና በሐረር መካከል ያለው የንግድ መንገድ ዋና ማረፊያ ነበረች። በ1875 የግብፅ ጦር በራውፍ ፓሻ አዛዥነት ከዘይላ ተነሥቶ ሐረርን ሲይዝ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ግብፆችም እስከ 1885 ሐረርን በያዙበት ዘመን ጀልዴሳ ከሰፈሮቻቸው አንዷ ነበረች። እነርሱ ከለቀቁ በኋላ በአሚር አብዱላሂ ዘመን፣ በ1886፣ የጣልያኑ የኮንት ፖሮ ጓዶች በዚሁ አካባቢ ተገደሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1887 በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙና ራስ መኰንን አገረ ገዥ ከሆኑ ወዲህ፣ ጀልዴሳ የኬላ ሥፍራ ሆነች። ከጅቡቲ የሚነሣውም ቅፍለት ከዘይላው መንገድ ጋር እየተገናኘ በዚያው ያልፍ ነበር።

ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን የጦሩና የኬላው ነገር ሳይሆን የጭነቱ ነገር ነው። ከባሕር ጠረፍ የተነሣው ዕቃ በኢሳ ሱማሌዎች ግመል ተጭኖ፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ሜዳ አቋርጦ ጀልዴሳ ይደርሳል። እዚህ ላይ ግመሉ ይራገፋል። ከጀልዴሳ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ዳገትና ድንጋያማ ስለሆነ፣ ዕቃው እንደገና ተከፋፍሎና ተመዝኖ በበቅሎና በአህያ ይጫናል፤ ከዚህ በላይ ያለውን ጭነት የሚረከቡት በአብዛኛው የአካባቢው ኦሮሞዎች ነበሩ። በ1897 ወደ ዳግማዊ ምኒልክ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ የሮድ ጓድም በዚሁ መንገድ አልፏል፤ የጓዱ አባል የነበረው ግላይክን በ1898 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ጀልዴሳ ላይ ስለ መራገፍና እንደገና ስለ መጫን ጽፏል።

እንግዲህ ጀልዴሳ ላይ ግመል ከበቅሎ ይበልጣል ወይስ በቅሎ ከግመል? ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ አልነበረም። ጥያቄው ትርጉም የለውም። ግመል ለአሸዋው፣ በቅሎ ለዳገቱ ነው። የሲራራው አለቃ ዕውቀት የሚለካው የትኛው እንስሳ እንደሚከበር በማወቁ ሳይሆን፣ መሬቱ የሚለወጥበትን ሥፍራ ለይቶ በማወቁ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1902 መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ በምትባለው ሥፍራ ሲደርስ፣ ሐዲዱ ጀልዴሳን ወደ ጎን ስለ ተዋት ንግዱ ቀዘቀዘ፤ መንደሯም ተረሳች። ትምህርቷ ግን ሊረሳ አይገባውም። አሁን ይህንኑ ሚዛን ይዘን ወደ ጣና እንሻገር።

2. የጣና ታንኳና ዘንጉ

ጣና ሐይቅ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ለስፋቱ ግን ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ዳር ዳሩ ደግሞ ደለል የሞላበት፣ ደንገልና ሸምበቆ የበቀለበት፣ ለብዙ ርቀት ከሰው ቁመት የማይበልጥ ውሃ ነው። በጧት ውሃው ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ማዕበሉ ለደንገል ታንኳ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ ታንከኛ ጉዞውን በማለዳ ይጀምራል።

ታንኳው የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ነው። ደንገሉ በነዶ በነዶ ተጠፍሮ በልጥ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ ከውስጡም ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግና ሰውና ዕቃ በዚያ ላይ ይቀመጣል። ታንኳው የሚንሳፈፈው ውሃ እንዳይገባበት ስለ ተደፈነ አይደለም፤ ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። በዚህም ምክንያት ውሃ ቢገባበት አይሰጥምም፤ ነገር ግን እየጠጣ ይከብዳል። ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተጎትቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ዕድሜው አጭር ነው፤ ባለቤቱም በየጊዜው አዲስ ይሠራል።

የዚህ ታንኳ ታሪክ ረጅም ነው። ከ1624 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ በሐይቁ ላይ ስለሚሄዱት የደንገል ታንኳዎች ስማቸውን ጠቅሶ ጽፏል። በ1770 ጎንደር የደረሰው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በሐይቁ ዳር ስለሚኖሩት ወይጦዎች አውስቷል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና ጣናንና ዓባይን ለብዙ ዓመታት የመረመረው ቺስማን በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ታንኳውን እየደጋገመ ያነሣል። እነዚህ ሁሉ ጸሐፊዎች በተለያየ ዘመን አይተው የገለጹት ታንኳ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ እንመለስ። ታንከኛው ከዳር ሲነሣ ዘንጉን ወደ ታች ሰድዶ ወለሉን እየረገጠ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ዘንግ እንዲመረጥ የሚያደርጉ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በጭቃ ወለል ላይ ሰፊ ጫፍ ያለው መቅዘፊያ ይጣበቃል፤ ጭቃው ይስበዋል፤ ለመንቀል የሚደረገው ትግል ታንኳውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀጭን ዘንግ ግን ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ በደንገልና በሣር መካከል ሰፊው ጫፍ ይጠላለፋል፤ ዘንጉ ግን ሾልኮ ያልፋል።

የዘንጉም ርዝመት በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። ቆሞ ወለል እየገፋ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገሮችን መደመር አለበት፤ የውሃውን ጥልቀት፣ ዘንጉ ጭቃው ውስጥ የሚሰምጠውን ያህል፣ ከውሃው ገጽ እስከ እጁ መያዣ ያለውን ከፍታ። ለምሳሌ ውሃው 2 ሜትር ቢሆን፣ ጭቃው 30 ሳንቲ ሜትር ቢውጥ፣ እጁም ከውሃው በላይ 1 ሜትር ተኩል ላይ ቢይዝ፣ ከ3 ሜትር ከ80 ያነሰ ዘንግ አይበቃውም። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ዘንጉ እየረዘመ፣ እየከበደ፣ ለመመለስም እያስቸገረ ይሄድና፣ ከ4 ሜትር ውሃ በላይ ወለል መግፋት አድካሚ ከመሆን አልፎ የማይቻል ይሆናል።

እንግዲህ ታንከኛው ወደ ጥልቁ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ሁለት መሣሪያ ሊይዝ ይችል ነበር። ነገር ግን ያንኑ ዘንግ በአግድም አዙሮ መካከሉን ይይዝና፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ ሁለቱን ጫፎች በየተራ ያጠልቃል። በታንኳው መካከል የተቀመጠ ሰው በሁለቱም ጎን ውሃ መድረስ ስላለበት መሣሪያው ከታንኳው ወርድ እጅግ መርዘም ይገባዋል፤ የዳሩ ዘንግ ይህን ርዝመት አስቀድሞ ይዞታል። እርግጥ ነው፤ ጫፉ ስላልሰፋ በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው ውሃ ጥቂት ነው። ነገር ግን ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳ ከባድና ቀርፋፋ ነው፤ በሰፊ ጫፍ በኃይል ቢጎተትም ፍጥነቱ በዚያው መጠን አይጨምርም፤ የሚጨምረው የቀዛፊው ድካም ነው። ስለዚህ ዘንጉ መቅዘፊያ መሆን ያልቻለ ዱላ ሳይሆን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ እንዲሠራ የተመረጠ መሣሪያ ነው ብሎ መደምደም የሚቻል ይመስለናል። የጀልዴሳው ነጋዴ መሬቱ ሲለወጥ እንስሳውን ይለውጥ ነበር፤ የጣናው ታንከኛ ደግሞ ውሃው ሲለወጥ አያያዙን ይለውጣል።

3. የዳግማዊ ቴዎድሮስ መንኮራኩር

በጣና ላይ ሌላ ዓይነት መቅዘፊያ ለመፈተን የተነሣ ኢትዮጵያዊ አልነበረም እንዳይባል፣ የዳግማዊ ቴዎድሮስን ሙከራ ማንሣት ያስፈልጋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1866 በዘጌ ሰፍረው ሳለ፣ ከራሳም ጋር የመጡት እንግሊዞችና ሌሎችም አውሮፓውያን አብረዋቸው ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ስለ እንፋሎት መርከብ ከሰሙ በኋላ፣ ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች አሠርተው በጎንና በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙባቸው። ሐሳቡ የእንፋሎቱን መርከብ በአገር ውስጥ ዕቃ መምሰል ነበር። ይኸው ንጉሥ በጋፋት መድፍ እንዲቀልጥ ያዘዙ፣ የሠራተኛን እጅ የሚያከብሩ ሰው እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ሙከራው የጨዋታ ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን። በሐይቁ ላይ ጦርና ስንቅ በፍጥነት የሚያሻግር ንጉሥ በጎጃምና በበጌምድር መካከል ምን ያህል ኃይል እንደሚያገኝ ግልጽ ነው።

ዳሩ ግን መንኮራኩሩ ለዘለቄታው አገልግሎት ሳይውል ቀረ። ምክንያቱን ስንመረምር ጉድለቱ በሐሳቡ ድፍረት ላይ ሳይሆን በመሣሪያውና በታንኳው አለመስማማት ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። መንኮራኩር የማይታጠፍ ገላና በአንድ ከፍታ ላይ የሚጸና አካል ይፈልጋል፤ የደንገል ታንኳ ግን ይተጣጠፋል፣ ውሃ እየጠጣም ከሰዓት ወደ ሰዓት ዝቅ ይላል። ጠዋት ላይ በልኩ የጠለቀ መንኮራኩር ወደ ማታ ከልኩ በላይ ይሰጥማል። ደግሞም መንኮራኩሩን የሚያዞረው የሰው ክንድ እንጂ እንፋሎት አልነበረም። ይኸው ክንድ ዘንግ ቢይዝ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ውሃው ይደርስ ነበር፤ በመንኮራኩሩ ግን ከፊሉ በእንጨቱ መፋተግ ይጠፋል።

ይህን ስንል ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም የሙከራቸው ታሪክ የሚያሳየው፣ የጣና ሰው ዘንጉን ይዞ የኖረው ሌላ የሚያሳየው አጥቶ እንዳልሆነ ነው። ሌላ ነገር ታይቷል፤ ተፈትኗል፤ ለዚያ ታንኳ ስላልተስማማ ተትቷል።

4. በዓባይና በምዕራብ ወንዞች ላይ የደረሰው

የውጭ አገር ሰዎችም በኢትዮጵያ ውሃ ላይ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟቸዋል። ከእነዚህ ጓዶች አብዛኞቹ በሐረርጌ በኩል ስላለፉ፣ ታሪካቸው ከጀልዴሳ መንገድ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዩ የቦንሻን ጓድ፣ በ1897 መጨረሻ በባሮና በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ለመድረስ ሲጓዝ፣ ከወንዙ አፍ ሳይደርስ ተመለሰ። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ለወንዙና ለረግረጉ የሚሆን ጀልባ ማጣቱ ነው። በሰኔ 1898 ደግሞ ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ጋር የተጓዘው ክፍል ነጭ ዓባይ ደረሰ፤ ነገር ግን ታንኳ ስላልነበረ፣ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ሁለት ኮሳኮች ባንዲራ ለመትከል ወደ ደሴቱ የተሻገሩት በዋና ነበር። የታላላቅ መንግሥታት ፖለቲካ አንድ ግንድ ታንኳና አንድ ዘንግ በማጣት ሲንገዳገድ ማየት ለታሪክ ተማሪ የሚያስገርም ነው። በዚያው ወንዝ ዳር የሚኖሩት አኙዋኮች ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ላይ ቆመው፣ ዘንግና መቅዘፊያ እየያዙ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው የማክሚላን ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ በ1903 በዓባይ ሸለቆ ለመውረድ በልዩ ትእዛዝ የተሠሩ የብረት ጀልባዎች አስመጣ። ጀልባ አላጣም፤ ገንዘብም አላጣም። ይሁን እንጂ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ በዓባይ ፏፏቴና ዓለት ላይ ተሰባበሩ። ብረት በዓለት መካከል ሲገፋ ወይም ይጎብጣል ወይም ይቀደዳል፤ በሚያስገመግም ውሃ ውስጥ ደግሞ ከባድ ጀልባን በመቅዘፊያ ማዞር አይቻልም። በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ወታደሮች ጓድ በዓባይ ላይ ሲወርድ ጎማ ጀልባ መጠቀሙ፣ ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ ትምህርቱ መገኘቱን ያሳያል። ጎማው ዓለት ሲነካ ይሸሻል እንጂ አይሰበርም። ሆኖም በዚያም ጉዞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ዓባይ ትክክለኛ መሣሪያ ለያዘም ቢሆን የሚራራ ወንዝ አይደለም።

መንኮራኩሩስ? በጣና ላይ ያልሆነለት መንኮራኩር በባሮ ላይ ሆኖለታል። በ1902 በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ወደብ ከሆነች በኋላ፣ ከካርቱም የሚነሡ ባለ መንኮራኩር የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ ይመጡ ነበር። ይሁንና ይህም የሚሆነው ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። ውሃው ሲጎድል መርከቡ ይቀራል፤ የአኙዋኩ ታንኳና ዘንግ ግን በበጋውም ይሠራል። አንዱ መሣሪያ ሌላውን አላሸነፈም፤ ወራቱን ተካፈሉት እንጂ።

5. ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው

ከላይ የተነገረው ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር እንዳይመስል፣ በዘመናችን በዓለም ላይ የተስፋፋ አንድ ስፖርት ማንሣት ይገባል። ይህም በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ መሄድ ነው። የስፖርቱ መነሻ ሃዋይ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዋይኪኪ ጠረፍ የማዕበል መንሸራተት የሚያስተምሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ሰሌዳቸው ላይ ቆመው በመቅዘፊያ ይሄዱ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ እንደ ሌርድ ሃሚልተን ያሉ ስመ ጥር ተንሸራታቾች ስላስፋፉት ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝም ገባ። በፔሩ ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ቶቶራ ከሚባል ሸምበቆ በተሠራ ጠባብ ታንኳ ላይ ሆነው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ወፍራም ቀርከሃ መቅዘፊያ አድርገው ማዕበል ይሰብራሉ። ይህ የጣናውን ታንኳና ዘንግ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም።

የዚህ ስፖርት ሰዎች መቅዘፊያ ሲመርጡ የሚከተሉት ደንብ ለክርክራችን ጥሩ ማስረጃ ነው። በመጀመሪያ የሚጠይቁት የመቅዘፊያውን ዋጋ ሳይሆን የሰውየውን ቁመት ነው። ለረጋ ውሃ የሚሆነው መቅዘፊያ ከሰውየው ቁመት 15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት፤ ሰውየው ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ የመቅዘፊያው ራስ እጅ አንጓው አካባቢ ይደርሳል። ማዕበል ላይ ለሚንሸራተት ግን ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ስለሚል አጠር ያለው ይሻለዋል። መቅዘፊያው ከረዘመ ትከሻ ይደክማል፤ ካጠረ ወገብ ይጎብጣል።

ሁለተኛው የጫፉ ስፋት ነው። ሰፊ ጫፍ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ክንድን ያስጨንቃል። ስለዚህ ሰውነቱ ቀለል ያለ ሰው ወይም ሩቅ የሚሄድ ሰው ጠባቡን እንዲመርጥ ይመከራል። የጣናው ታንከኛ ጠባብ መሣሪያ ይዞ ሩቅ መሄዱ፣ ከዚህ ደንብ አንጻር ሲታይ፣ አላዋቂነት ሳይሆን ብልኀት ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። የዚህ መቅዘፊያ ሰፊ ጫፍ ከዘንጉ ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። አዲስ ተማሪ ሁሉ እንደ ማንኪያ ወደ ራሱ አዙሮ ይይዘዋል፤ ይህም ስሕተት ነው። የቆመ ሰው መቅዘፊያውን ከፊቱ አጥልቆ ወደ እግሩ ሲስብ ዘንጉ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል፣ ጫፉ ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ኃይሉ ከፍተኛ በሚሆንበት ሰዓት በውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአራተኛ ደረጃ የሚመጣው የተሠራበት ነገር ነው። አሉሚኒየም ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፤ ካርቦን እጅግ ቀላል ቢሆንም ውድ ነው፤ ዓለት ላይ ሲመታም ሊሰነጠቅ ይችላል። ፋይበርግላስ በሁለቱ መካከል ነው። እንግዲህ ውድ የሆነው ለሁሉም ሥፍራ የተሻለ አለመሆኑን የዚህ ስፖርት ነጋዴዎች ራሳቸው ይናገራሉ።

የፋብሪካው ዘመን መቅዘፊያ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ከሰውነትና ከውሃ ጋር ተመዝኖ ሲሠራ «ሳይንስ» ይባላል። ታንከኛው በቀርከሃ ያንኑ ሲያደርግ «ልማድ» ይባላል። ልዩነቱ በዕውቀቱ ላይ ሳይሆን ዕውቀቱ በጽሑፍ በመስፈሩ ላይ ነው።

6. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ሞተርን ጠልቶ ደንገልን ያመልካል ይል ይሆናል። አይደለም። ከቀትር በኋላ ነፋስ የያዘው የደንገል ታንኳ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል፤ ወላድ ሴትን ወይም በሽተኛን ከደሴት ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ የሞተር ጀልባ የተሻለ መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። እኛ የምንለው፣ ሞተሩ ለዚያ ሥራ የተሻለ የሆነው በመሰላሉ ላይ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ሳይሆን፣ ለዚያ ውሃና ለዚያ ችግር ስለ ተስማማ ነው። ይኸው ሞተር ደንገልና ሣር ውስጥ ሲገባ መዘውሩ ይታሰራል፤ ያን ጊዜ ዘንግ የያዘ ሰው ይፈለጋል።

ይህም በዘመናችን በግልጽ ታይቷል። እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በ2011 በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ብዙ ሥፍራ ሸፍኗል። አረሙ በበዛበት ሥፍራ የጀልባ መንገድ ይዘጋል፤ የዓሣ አጥማጁም ሥራ ይታጎላል። በሌላ በኩል የደንገሉ ቦታ በእርሻና በከተማ መስፋፋት እየጠበበ ሄዷል። ደንገል ከጠፋ ታንኳ ይጠፋል፤ ታንኳ ከጠፋ የዘንጉን ርዝመት በዓይኑ መትሮ የሚቆርጥ ሰው ይጠፋል። ይህ ዕውቀት በብዛት የሚገኘው በወይጦዎች ዘንድ ነው። እነርሱ ታንኳ ሲሠሩ፣ ወፍጮ ድንጋይ ሲጠርቡና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሲሆኑ፣ ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን በንቀት ሲያዩአቸው ኖረዋል። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ቋንቋቸው ሳይመዘገብ እንደ ቀረ፣ የእጃቸውም ዕውቀት ሳይመዘገብ ቢቀር ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኛ፣ ብዕር የያዝነው፣ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበውን ስናጠቃልል፣ በጣና ዘንግ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጸንቷል፤ የዳግማዊ ቴዎድሮስ መንኮራኩር በደንገል ላይ አልጸናም፤ ያው መንኮራኩር በእንፋሎት ሲሆን በክረምቱ ባሮ ላይ ሠርቷል፤ የማክሚላን ብረት በዓባይ ዓለት ላይ ተሰባብሯል፤ ዛሬም በሰሌዳ ላይ የሚቆመው ስፖርተኛ መቅዘፊያውን የሚለካው በገዛ ቁመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የምናየው ሕግ አንድ ነው። መሣሪያ ብቻውን መልካም ወይም መጥፎ አይባልም፤ መልካም የሚሆነው ከሚነካው ውሃና ከሚይዘው እጅ ጋር ሲስማማ ነው።

ስለዚህ የታሪክና የሕዝብ ባህል ተማሪዎች አንድ መሣሪያ ባየን ጊዜ ሥዕሉን አንሥተንና ርዝመቱን ለክተን ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመመለሳችን በፊት፣ ወለሉ ጭቃ ነው ወይስ ድንጋይ? ውሃው በየትኛው ወር ይጎድላል? ቀዛፊው ይቆማል ወይስ ይቀመጣል? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከዚህም ጋር የባለሙያውን መልስ በራሱ ቃላት መመዝገብ አለብን፤ የዘንግ፣ የልጥ፣ የደንገልና የውሃ ዓይነት ስሞች በየአካባቢው ልዩ ልዩ ስለሆኑ፣ ስሙ ሲጠፋ ልዩነቱም አብሮ ይጠፋልና።

የጀልዴሳ ሽማግሌዎች የግመሉን ጭነት የሚያራግፉበትን ሥፍራ ለይተው ያውቁ ነበር። ከዚያ አንድ ዳገት ቢያልፉ ግመሉ ይሰበራል፤ ከዚያ በፊት ቢያራግፉ በቅሎው በአሸዋው ይደክማል። ይህን ዕውቀት ሳንጠይቃቸው አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ዛሬ ጀልዴሳ ላይ የምናገኘው ከመንገደኞች መጽሐፍ የቃረምነውን ነው። በጣና ዳር ግን ዘንጉን የያዘው ሰው አሁንም አለ። ሄዶ ለመጠየቅ ጊዜው ገና አልረፈደም።